የቅቤ ሽታ ያለው ጠመንጃ

ሲራክ መንግሥቱ ጠመንጃ ሲፈታ አያወራም። ሲበላ ያወራል፣ አውቶቡስ ላይ ያወራል፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ አጠገቡ ለቆመው ሰው አንድ ሁለት ሳይል አይወጣም። ብቻ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመ አፉ ይዘጋል። ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ፣ ከተኩስ ክለቡ ጀርባ ባለችው የጥገና ክፍል አብረውት የሚሠሩት ፓኪስታኖች ጠዋት የጠየቁትን ከምሳ በኋላ ነው የሚመልስላቸው፤ እነሱም ለምደውታል። ምን ያድርግ፣ ከአባቱ የወረሰው ነው።

አባቱ አቶ መንግሥቱ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች የጎጃም ቀበሌ የነፍጥ ጠጋኝ ነበሩ። ሰው ከማዶ እየተሻገረ ምንሽሩን ይዞላቸው ይመጣል። የአንዱ ጥይት አልጎርስ ብሏል፣ የአንዱ ምላጭ ከብዶ በሁለት ጣት ካልሆነ አልሳብ ብሏል። መጪው ሁሉ «እንዲያው በሞረድ ነካ ያድርጉልኝ፣ ሞላውንም ትንሽ ያሳጥሩልኝ» ይላል። እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። «ምላጭ የሚቀለው በማጽዳት ነው። ሞላ ያሳጠረ ሰው ለጎረቤቱ ለቅሶ ይደግሳል» ብለው ይመልሱታል። ሰውየው እያጉረመረመ ይሄድና በሳምንቱ መጥቶ ጠመንጃውን ሲሞክረው፣ ምላጩ እንደ ጨዋ ልጅ ሲጠሩት ይመጣል።

የበዓል ዋዜማ ደግሞ የሲራክ እናት የባሏን ራስ ለጋ ቅቤ ትቀባለች። አቶ መንግሥቱ መዳፋቸው ላይ የተረፈውን ይዘው ወደ ግድግዳው ይሄዱና የገዛ ምንሽራቸውን ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ያብሱታል። «እሱም ቤት ሲጠብቅ ከርሟል፣ ይቅመስ እንጂ» ይላሉ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እናትየው «ቅቤዬን ለብረት» ብላ ትቆጣለች። በማግስቱ ግን አባትየው ቅቤውን በጨርቅ አንድ ሳያስቀሩ ነበር የሚጠርጉት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ቀቢ ሁሉ ጠራጊ አይደለም።

ሲራክ ወደዚህ አገር የመጣው ጎልምሶ ነው። መጀመሪያ አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆነ። ካፊሉ፣ ማለት ዋስ የሆነው አሠሪው፣ ጭልፊት የሚያሳድግ፣ አደን የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቀን በረሃ ላይ ጠመንጃው ጥይት ነክሶ አልተኩስ ሲለው ዘበኛው ሲራክ ተቀበለውና በምሳ ቢላዋ ፈታቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ ገጠመለት። ካፊሉ ብዙም ሳይቆይ ለአል ዓይኑ ክለብ ሰጠው። እዚያም አንድ የፔሻዋር ሽማግሌ ሞርሳ አያያዙን፣ የመሳያ ድንጋይ አመራረጡን፣ ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አስተማረው፤ ስለ ጠመንጃ ሁኔታ ለባለቤቱ አትዋሽ፣ አንተን አምኖ የሚሞት ሰው አለ። ሽማግሌው አገሩ ገብቶ እዚያው አረፈ። ወንበሩ ለሲራክ ተረፈ።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ዐብዱራህማን የሚባሉ የአል ሂሊ ሰፈር ሽማግሌ በልጃቸው በኑርያ ተደግፈው መጡ። የያዙት ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ እንግሊዝ ሠራሽ ጠመንጃ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወራት የቤተሰቡ ወንዶች እርሻው ላይ ተሰብስበው ኢላማ ይተኩሳሉ፤ ወግ ነው። ዘንድሮ ግን ዐብዱራህማን በግማሽ ጎናቸው ታመው ከርመዋል።

«ያ ሲራክ፣ ምላጩ ከበደኝ» አሉ። «ድሮ ገና ሳስበው ይሄድ ነበር። የደከምኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

ሲራክ ባዶ መሆኑን አይቶ አንዴ ሳበው። ከበደው። ከመክበዱም ሌላ መሃል ላይ ይንቀራፈፋል።

«እሱም ደክሟል ዓሚ» አላቸው፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

ደስ አላቸው። ፈገግ ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ኑርያ ግን ወደኋላ ቀረች። ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን ነገሯ ሁሉ ቁርጥ ነው።

«አባቴ ከታመመ ወዲህ የምትወለውለው የእናንተ አገር ልጅ ናት፣ የሺ ትባላለች» አለችው። «እሷ አበላሽታው ከሆነ ንገረኝ። ይሄ የአያቴ ነው፣ ሳህን አይደለም። አበላሽታው ከሆነ ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ አገሯ ትሄዳለች።»

ሲራክ «እሺ ማዳም» አለ።

ሰደፉን ከብረቱ ሲያላቅቀው ነው የሸተተው። መጀመሪያ አላመነም፤ አፍንጫውን አስጠግቶ ደገመው። ቅቤ ነው። የከረመ፣ የኮመጠጠ ቅቤ፣ የበረሃው አቧራ ገብቶበት እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። ሲራክ ብረቱን ይዞ ቁጭ አለ። የእናቱ ቁጣ፣ የአባቱ መዳፍ፣ የዋዜማው ጭስ የጠገበ ግድግዳ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። ስንት ዓመት ሙሉ በማሽን ዘይት ሽታ ውስጥ ሲኖር አንድም ቀን እንዲህ አድርጎት አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጎን ጠረጴዛ ያለው ፓኪስታኒ ምን ሆንክ ቢለው የማጽጃው ጋዝ ነው አለ።

ከዚያ ነገሩ ገባው። አገር ቤት የሚቀባው ለጋ ቅቤ ጨው የለውም፣ በማግስቱም ይጠረጋል። ይሄኛው የሱፐርማርኬት ቅቤ ነው፣ ጨው ያለበት። ውጭ ውጭውን ብቻ ሳይሆን በየቀዳዳው ገብቷል። ጨዉ ምላጩ የሚይዘውን ጥርስ አዝጎታል፤ ለዚያ ነው መሃል ላይ የሚንቀራፈፈው። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ የእኛ አገር ሰዎች ብቻ ናቸው። የሚወዱትን ነገር ሁሉ ቅቤ መቀባት።

ሁሉንም በነጭ ጋዝ አጠበ። ጥርሱን በደቃቅ ድንጋይ፣ ዝገቱ እስኪለቅ ብቻ፣ ቅርጹን ሳይነካ ለስላሳ አደረገው። ሞላውን አልነካም። አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨመረ። ገጥሞ፣ ባዶውን አቀባብሎ፣ ሰደፉን ጎማ ላይ ደጋግሞ መታው፤ ምላጩ ሳይሳብ መምቻው እንዳይወድቅ ነው። ሞክሮት ሞክሮት አልወደቀም። ሚዛኑን ምላጩ ላይ አንጠልጥሎ ሲስበው ክብደቱ ወደ ግማሽ ግድም ወርዷል። ዐብዱራህማን በደከመች ጣታቸው ይስቡታል። በሥራው ረካ፤ በነገሩ ግን አልረካም።

ምክንያቱም ለኑርያ የሚነግራት ነገር አለ። አቧራ ነው ብሎ ቢያልፈው፣ ልጅቱ ነገም በበዓሉ ዋዜማ ትቀባዋለች፤ ጨዉ ያንን ጥርስ ይበላዋል፤ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ይተኩሳል። ቅቤ ነው ቢል ደግሞ የሺ ሻንጣዋን ትይዛለች። የሺን አያውቃትም፣ ስልኳም የለውም። ለሷ በጎን ሹክ የሚልበትን መንገድ ሲያሰላስል አደረ፤ ጠዋት ኑርያ ቀድማ ደወለች።

«ምን አገኘህ?»

«ቆሻሻ ነው ማዳም። አጽድቼዋለሁ፣ አሁን ቀሏል።»

«ምን ዓይነት ቆሻሻ?»

እዚህ ላይ ሲራክ ትንሽ ቢያስብ ጥሩ ነበር። ግን የፔሻዋሩ ሽማግሌ ከመቃብር ጎትቶ አናገረው። «ቅቤ ነው» አለ። «ጨው ያለበት ቅቤ። ሁለተኛ እንዳይነካው። ማዳም፣ በክፋት አይደለም፣ በአገራችን . . .»

«የሺ ናት» አለች። «ኸላስ። ሐሙስ መጥተን እንወስደዋለን።» ስልኩ ተዘጋ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ። የሲራክ ደግሞ ወለምታውም ቅቤ ሆኖ አረፈው። ቀኑን ሙሉ እጁ ሥራ አልይዝ አለው። ከሥራ ሲወጣ ወደ ክፍሉ መግባት ጠልቶ ወደ አል ዓይን ኦአሲስ ሄደ፤ ልቡ ሲከብደው እዚያ ይሄዳል። ውሃው በጠባቡ ቦይ እየተንኮለኮለ በተምር ዛፎቹ መሃል ይሄዳል፣ ገበሬው በእግሩ ጭቃ ገፍቶ ወደ አንዱ ጎን ይመልሰዋል። ይህን ሲያይ የአባቱ የመስኖ ቦይ ትዝ ይለዋል፤ አባቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር ይወስዱታል፤ ወደ ሞታቸው።

ሲሞቱ ሲራክ ኸሊፋ ሲቲ የቪላው በር ላይ ነበር። ካፊሉ አገር ውስጥ የለም፣ ፓስፖርቱ ካፊሉ ጋ ነው። እህቱ መሰረት በስልክ የነገረችው ከተቀበሩ በኋላ ነው። በሱ አገር ወንድ ሲሞት ነፍጡ ከግድግዳው ወርዶ ለቅሶ ላይ ይወጣል። አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራለች፣ የበኩር ልጅ ነፍጡን ትከሻው ላይ አድርጎ በለቀስተኛው መሃል ይዞራል። የአቶ መንግሥቱ በኩር ሲራክ ነው። «ታዲያ ማን ያዘው?» ብሎ ሲጠይቃት መሰረት ሳትፈልግ ነበር የመለሰችለት፤ ጎረቤት ያዘው አለችው። ሲራክ ያን ዕለት አላለቀሰም። ከዚያ ወዲያም አላለቀሰም። ሰው ብቻውን በር ላይ ቆሞ እንዴት ያለቅሳል፣ ለቅሶ እኮ የአገር ነው።

ሐሙስ መጡ። ኑርያ ራሷ እየነዳች፣ ዐብዱራህማን ከፊት፣ ከኋላ ሻሽ ያሰረች ቀጠን ያለች ሴት። ከሴትየዋ አጠገብ ትልቅ ሻንጣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፕላስቲኩን ያየ ወደ አየር ማረፊያ የምትሄድ መሆኗን ያውቃል። ሲራክ በመስኮት አይቶ ጠመንጃውን ሊያወርድ ተነሳ።

የሺ ሽማግሌውን ደግፋ ገባች። እጅ ነስታ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለችው በአማርኛ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርስዎ ነዎት ያገኙት?»

«እኔ ነኝ እህቴ።»

«ደግ አደረጉ» አለች። «እኔ ውጭውን ብቻ የነካሁ መስሎኝ ነበር። መሣሪያ ነው፣ ሰው ይፈጅብኝ ነበር።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ጠመንጃውን ለዐብዱራህማን አቀበለ። ሽማግሌው ባዶ መሆኑን እንደ አሮጌ አዳኝ በጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡና ወደ ግድግዳው አነጣጥረው ምላጩን ሳቡ። ጠቅ አለ። ደገሙት። ጠቅ።

«አይ ጥበብህ» አሉ ሲራክን፣ ፊታቸው በርቶ። «ከየሺ በቀር ማንም አይነካውም ከእንግዲህ። ስትመለሺ አንቺው ትወለውይዋለሽ» አሏት። ለካ ለዕረፍት ወደ አገሯ ትሄዳለች ተብለዋል።

የሺ አቀረቀረች። ኑርያ ስልኳን አየች። ሲራክ ደግሞ አፉን ያዘ፣ ያዘ፣ አልቻለም። አንዴ ያፈሰሰ አፍ መቼ ይከደናል።

«ዕረፍት አይደለም ዓሚ» አለ። «አትመለስም። ጠመንጃውን ቅቤ በመቀባቷ ነው።»

ኑርያ ዘወር ብላ ስታየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። በርጩማውን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«አየኋት እኮ» አሉ።

«ምኑን ያ ባባ?» አለች ኑርያ።

«ሁሉንም። እናንተ አቡ ዳቢ ለሠርግ የሄዳችሁ ቀን። አባቷ መሞቱን በስልክ ነገሯት። ወጥ ቤት ውስጥ ስትወድቅ ሰማሁ፣ መነሳት አልችል፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጠራኋት፣ አልመጣችም። ቆይታ መጅሊሱ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ገባች፣ በሩ ክፍት ነው፣ አያታለሁ። ይሄን ከመስቀያው አወረደችው። ልጮህባት ነበር። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ትዞር ጀመር። እያዜመች ታለቅሳለች። ቋንቋውን አላውቅም፤ ምን እንደሆነ ግን አወቅሁ። ስትጨርስ ቅቤ አምጥታ እንደ ሕፃን ልጅ ቀባችውና ሰቀለችው። እኔም የተኛሁ መሰልኩ።»

የሺ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። አዩኝ ብላ አስባ አታውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ኑርያ።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔ ስሞት ወንድሞችሽ ጠመንጃዎቼን ይካፈላሉ። አንዱ መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ አንዱ ለእንግዳ ያሳየዋል። ይሄን ይዞ የሚያለቅስልኝ ማነው? አንቺ ነሽ?»

«በሬሳ ላይ መጮህ እኛ ዘንድ ነውር ነው ያ ባባ።»

«ነውር ነው። አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ቢሆንም ደስ ይላል።»

ኑርያ እጇን አጣጥፋ ቆመች። «ማልቀስ ሌላ፣ የሰው ንብረት ማበላሸት ሌላ» አለች፣ ድምፅዋ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። «ልታስፈቅድ ትችል ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ እንዲህ ያለ ነገር።»

«አታውቂማ። አላየሽማ።» ወደ ሲራክ ዞሩ። «አባትህ አለ?»

«ሞቷል ዓሚ።»

«ጠመንጃ ነበረው?»

«ነበረው።»

«ማን ያዘው?»

«ጎረቤት» አለ ሲራክ። «እኔ ኸሊፋ ሲቲ በር ላይ ነበርኩ።» ይህን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ሲናገረው አፉ ውስጥ መራራ ሆነበት።

ዐብዱራህማን ለመነሳት ታገሉ፤ የሺ ደገፈቻቸው። ቆመው ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ለሲራክ ዘረጉለት። «ያዝ» አሉት። የሺንም አዩዋት።

የሺ የጎጃም ልጅ ናት፣ ቢቸና ነው ያደገችው፤ ሊነግሯት የሚያስፈልግ ነገር የለም። ወደ ሲራክ ጠጋ ብላ «የአባትዎ ስም ማን ነበር?» አለችው።

«መንግሥቱ።»

ሻሿን ፈታ ወገቧ ላይ አሰረችው። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጭን ነበር።

ነፍጡ ከግድግዳው ወርዶ ቆሞ ሳለ፣
ተሸካሚው የታል፣ መንግሥቱ የት አለ?

ሲራክ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። እግሩ ሳያዘው ሄደ፤ በሞርሳው በኩል፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ ተመልሶ በበሩ በኩል። የሺ የአባቱን ስም እየጠራች ከኋላው ትከተላለች። ደረቷን ስትመታ እሱም አባቴ፣ አባቴ አለ፣ እንደ ሕፃን፣ አፉን ከፍቶ። ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣው ወጣ። ፓኪስታኒው ማሽኑን አጥፍቶ ቆቡን አወለቀ። ዐብዱራህማን ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቆመው ነበር።

ኑርያ በሩ አጠገብ ነበረች። ይህ ሰውዬ ስልክ ላይ ቅቤ ነው ያላት ሰውዬ መሆኑን ረስታዋለች። አባቷን አየች፣ የሺን አየች። ለቅሶው ጋብ ሲል ቀስ ብላ ተጠጋች።

«ለአባቴም እንዲህ ትያለሽ?» አለቻት።

የሺ ፊቷን በእጇ ጠርጋ «እግዜር ያቆያቸው እንጂ ማዳም» አለች። ኑርያ መልሱ እንዳልተሟላላት ሰው አትኩራ ጠበቀቻት። «እላለሁ» አለች የሺ። «በስማቸው ጠርቼ።»

«እኔ ገና እዚሁ ነኝ» አሉ ዐብዱራህማን። «እርሻው ላይ የምተኩሰው ኢላማ አለኝ።»

ኑርያ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሆነ ሰው ትኬቱን ሰርዝ አለችው፤ ለምን ብሎ ሲጠይቃት «ኸላስ፣ ሰርዝ» ብላ ዘጋችበት። «የሺ፣ አባቴን ደግፊው። ቤት እንሂድ።»

የሺ ሽማግሌውን ይዛ ወጣች። ኑርያ ጠመንጃውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ሲራክ መስጠት ነበረበት፤ የሰው ንብረት ነው፣ የመሣሪያ ፈቃዱም በሌላ ሰው ስም ነው፤ እሱ ግን ከትከሻው አላወረደውም። ኑርያ ግን እጇን መልሳ አወረደችና፣ ለቅሶውን ሲጨርስ እንዲያመጣላቸው መኪናው ውስጥ እንደሚጠብቁት ነገረችው።